ከፍሪጁ ጀርባ ያለው ሰውዬ

ስልከኛዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ሌሊት ብቻዬን አድሬያለሁ ብላ አታምንም ነበር። ይህንን ግን ለማንም አልተነፈሰችም። ብትናገር ልጇ "እማዬ አበደች" ብላ በማግሥቱ መጥታ የመኪናውን ቁልፍ እንደምትቀማት ታውቃለች። ደግሞስ ምን ብላ ትናገራለች? "አባትሽ እየመጣ ፍሪጅ ያበራልኛል" ይባላል? የሞተ ሰው ቢመጣ ቢመጣ በሕልም ይመጣል፤ ጋዝ ሊለኩስ የመጣ ሙት ማን ሰምቶ ያውቃል!

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ስልከኛዋ የተባለችው ዕድሜዋን በስልክ ማዞሪያ ቤት ስለጨረሰች ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ደፍታ፣ ሽቦ ስትነቅል ሽቦ ስትሰካ፣ የከተማውን ሰው እርስ በርስ ስታገናኝ ኖራ ጡረታ ወጣች። ጆሮዋ ጉድ ነው። "ሃሎ" ካለው ሰው ድምፅ ብቻ የሚዋሸውን ከማይዋሸው ትለያለች። ባሏ ሹፌሩ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ እጁ ሥራ የማይፈታ ሰው ነበር። "አንቺን ከመዋሸት ትራፊክ ፖሊስ መዋሸት ይቀላል" ይላት ነበር። እሷም በዚህ ትኮራለች።

ሁለቱም ጡረታ ሲወጡ ሹፌሩ አንዲት ያረጀች አውቶቡስ ገዛና ወንበሯን ነቃቅሎ ቤት አደረጋት። አልጋ ገባላት፣ ምድጃ ገባላት፣ ዕቃ ማጠቢያ ገባላት፤ በመጨረሻ ፍሪጅ ገባላት። ፍሪጁ ለቅንጦት አልነበረም። ስልከኛዋ ስኳር አለባት፤ የምትወጋው ኢንሱሊን ሙቀት ከበዛበት ይበላሻል። ፍሪጅ ከሌለ ጉዞ የለም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የመኪና ፍሪጅ ደግሞ እንደ ቤት ፍሪጅ ሰክተው የሚረሱት ዕቃ አይደለም። ሦስት ዓይነት ቀለብ አለው። መኪናዋ ስትሄድ ከባትሪ ይበላል፤ መብራት ያለበት ሲያድሩ ከመብራት፤ ሜዳ ላይ ሲያድሩ ከጋዝ ሲሊንደሩ። ፊቱ ላይ ያለችውን መቀየሪያ ወደሚፈለገው ማዞር የሰው ሥራ ነው። ሞተር ጠፍቶ መቀየሪያዋ ባትሪ ላይ ከተረሳች፣ ፍሪጁ ባትሪውን ልሶ ያድርና ጠዋት መኪናዋ አልነሣም ትላለች። ጋዙም ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆመው የሚለኩሱት ነገር አይደለም፤ እሳት ነዋ! በዚያ ላይ መኪናዋ ካዘነበለች ጋዙ እየነደደ እንኳ ፍሪጁ አልቀዘቅዝም ይላል። ቅብጥብጥ ነገር ነው።

ሹፌሩ ይህን ሁሉ ለብቻው ይዞት ነበር። የትም ሲደርሱ መጀመሪያ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየዞረ በእግሩ ይረግጣል። ካዘነበለችም ከጎማዋ ሥር ጣውላ ያስገባል። ከዚያ ይገባና መቀየሪያዋን ያዞራል። ከፍሪጁ ጀርባ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይልና እፍፍ ብሎ ይያያዛል። "በላች" ይላል ሹፌሩ። ስልከኛዋ አንድም ቀን ነክታው አታውቅም። ሰውዬው እያለ ምን በወጣት!

የሞተው አንድ ጠዋት፣ በመኪናዋ ስፖኪዮ እያየ ፊቱን ሲላጭ ነው። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ወደቀ። ልቡ ናት አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ቃል ነበር የሚላት፤ "እንኳን አልተሠቃየ፤ እንኳን ሳያውቀው ሄደ።" እሷም ይህችን ቃል ጨብጣ ቀረች። ሲብስባት፣ የእሱን ትራስ አቅፋ፣ "ሳያውቀው ነው እኮ፤ ምንም አላወቀም" ትላለች። ትንሽ ቀለል ይላታል። ከእሱ ሞት የተረፋት መጽናኛ ይህች ብቻ ነበረች።

ልጇ "መኪናዋ ትሸጥ" አለች። ስልከኛዋ አሻፈረኝ አለች። ሹፌሩ በመጨረሻው ዓመት "በዚህ ዕድሜዬ?" እያለች መኪናዋን መንዳት በግድ አስተምሯት ነበር፤ ሞተሩን አስነሥታ ውልቅ አለች።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆነ። አንድ ሐይቅ ዳር ደርሳ ሞተሩን ስታጠፋ ከጎኗ የሚያዛጋ ሰው የለም። መሪው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ መቀየሪያዋን ረሳቻት፤ እንደተደፋች እንቅልፍ ወሰዳት። ነግቶ ስትነቃ ክው አለች። መድኃኒቴ! ባትሪዬ! ሮጣ ፍሪጁን ከፈተችው። ቅዝቃዜው ፊቷን መታት። ሞተሩን ብትሞክረው ባንዴ ተነሣ። መቀየሪያዋን ብታያት ባትሪ ላይ እንደነበረች ናት። ወርዳ በውጭ በኩል በፍሪጁ ጀርባ ቀዳዳ አጮለቀች። ሰማያዊ ነበልባል ጸጥ ብላ ትነድዳለች።

እሷ አልለኮሰችም። ታዲያ ማን?

በማግሥቱ ሆን ብላ መቀየሪያዋን ሳትነካ ጠበቀች። ሞተሩን አጠፋች፣ ቁጭ አለች። ምንም የለም። አንድ ሰው ወርዶ፣ ጎማዎቹን ሁሉ ረግጦ እስኪመለስ የሚፈጅበትን ያህል ቆየና፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እፍፍ። ልትጮህ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን "መጣህ?" የሚል ሆነ።

ከዚያ ወዲያ መቀየሪያዋን በእጇ አልነካችም። የእሱ ሥራ ናት። ጣውላውን ብቻ ራሷ ታስገባለች፤ "ሙታን ጣውላ ማንሣት አይችሉም መሰለኝ" እያለች። የዘገየ ከመሰላት ትቆጣዋለች፤ "ዛሬ ደግሞ ጎማ ላይ ምን ይጎልትሃል?" እሳቱ ሲያያዝ "ተባረክ" ትለዋለች። ከዚያ የመንገዱን ወሬ ታወራለታለች፤ የትኛው ድልድይ ጠባብ እንደሆነ፣ የትኛው የከባድ መኪና ሹፌር እንደሰደባት፣ እሷም ምን ብላ እንደመለሰችለት። ፍሪጁ ከጀርባው ቀስ ብሎ ሲተነፍስ ትሰማለች፤ እየሳቀ ነው ትላለች።

አንዳንድ ቀን ግን ትፈራለች። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ባሏም ቢሆን ሙት ነው። ቀኑ ሲደነግዝ ወደ ኋለኛው መስኮት ዞራ አታይም። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደለበሰ ቆሞ ብታገኘውስ? ልብሷን የምትቀይረው መጋረጃ ጋርዳ ነው፤ ስንት ዘመን አብራው የኖረችውን ሰው አሁን ታፍረዋለች። ግን ፍርሃቱ ከባዶነቱ ይሻላታል። ከሁሉ የሚያስፈራት እንዳይመጣ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቶሎ አስተዋለች፤ መብራት ያለበት ቦታ ካደረች ሹፌሩ አይመጣም። የመብራቱን ገመድ ከሰካች ጠቅ የሚል ነገር የለም፤ ፍሪጁ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። "ሰው ይበዛበታል መሰለኝ" አለች። ስለዚህ አጥር ያለበትን፣ ጥበቃና መጸዳጃ ያለበትን ማደሪያ እየተወች ሰው የሌለበትን ሜዳ መፈለግ ጀመረች። ቀስ በቀስም ከሰው ራቀች። የማደሪያ ቦታዎቹ ሰዎች "ያቺ ባልቴት የት ጠፋች?" ይባባሉ ጀመር።

ልጇ ደወለች። "እማዬ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ብቻሽን… ስኳርሽ ቢወርድ ማን ያይሻል? እባክሽ መኪናዋን እንሽጣትና ከእኔ ጋር ኑሪ።" በድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበር፤ የስልከኛዋ ጆሮ ደግሞ እንባ አይችልም። "እሺ፣ አስብበታለሁ" አለች። ጮክ ብላ፣ እዚያው ፍሪጁ አጠገብ ቆማ።

በማግሥቱ አንድ ሣር የወረሰው የኳስ ሜዳ ዳር አቆመች። ጣውላዋን አስገባች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ ጠበቀች።

ጠቅ አላለም።

ጎማ ሁሉ ተረግጦ የሚያልቅበት ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ከሜዳው ላይ ሄደች። "ምነው?" አለች። "ሰማኸኝ እንዴ? አስብበታለሁ አልኩ እንጂ ልሽጣት አልኩ?" ወርዳ መኪናዋን ዞረች። "አኩርፈህ ነው? ድሮም ማኩረፍ ነው የምታውቀው! በል ና፤ አልሸጥም፤ ልጅቷን ለማባበል ነው ያልኩት።" በፍሪጁ ጀርባ ቀዳዳ አጎንብሳ ስታይ ያቺ ነበልባል የነበረችበት ቦታ ጨለማ ብቻ ነው። ሹፌሩ ያን ጠዋት ሲወድቅ እንኳ እንዲህ አልደነገጠችም። ያኔ ሰው ከቧት ነበር። አሁን ሁለተኛ ሲሞትባት ከአጠገቧ ማንም የለም።

ሲጨንቃት መቀየሪያዋን ራሷ ልታዞር እጇን ዘረጋች። "ይቅር በለኝ" ብላ ወደ ጋዝ አዞረቻት። መቀየሪያዋ ያለ ምንም መያዝ ዙር ብላ ሄደች፤ ወደ ግራም ብትላት፣ ወደ ቀኝም ብትላት ዝም ብላ ትዞራለች፤ ከምንም ጋር አልተያያዘችም። ስልከኛዋ እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች። ከአልጋው ጫፍ ላይ፣ ልብሷን እንደለበሰች፣ ዓይኗን ከፍሪጁ ላይ ሳትነቅል ነጋባት።

ሲነጋ ቅቤው ቀልጧል። ከአንዲት ሱቅ በረዶ ለምና ፔርሙዝ ውስጥ ከተተች፤ መድኃኒቶቿን በጨርቅ ጠቅልላ ከላዩ አስቀመጠች። የሚያዛልቅ ነገር አይደለም። ያኔ የሹፌሩ ቃል ትዝ አላት፤ "ፍሪጁን ካመመው ከአባ በረዶ ሌላ ሰው እንዳይነካው። ቁጥሩን በዪልኝ እስቲ። አሁንም በዪልኝ።" እየደጋገመ ሲያስጠናት "ስልከኛ ቁጥር ትረሳለች?" ብላ ስቃበት ነበር። ደወለች፤ አድራሻውን ተቀበለች፤ ስትነዳ ዋለች።

አባ በረዶ የሚባለው ፍሪጅ ጠጋኝ ግቢው በር በሌላቸው ፍሪጆች የተሞላ፣ ፀጉሩ መሳሳት የጀመረ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። መኪናዋን ገና ሳትቆም አወቃት። "እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ! የጋሼን ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ!" እያለ የፍሪጁን የጀርባ ክዳን ፈታ፤ እጁን እስከ ክርኑ አስገባ፤ ጥቂት ጎረጎረና ጠርዟ ተቃጥሎ የጠቆረ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቦርድ ይዞ ወጣ።

"አይዞዎት፣ ፍሪጁ ደህና ነው። የሞተችው ይቺ ናት።"

"ምንድን ናት?"

"መራጯ ናታ! ሞተር ሲነሣ ወደ ባትሪ፣ ገመድ ሲሰካ ወደ መብራት፣ ሁለቱም ከሌሉ ወደ ጋዝ ራሷ የምትወስደው። ሞተር ከጠፋ በኋላ ትንሽ ትጠብቃለች፤ ማደያ ውስጥ ከሆኑ እሳት እንዳትለኩስ። ጋሼ አስገጥመዋት የለ? ከፊት ያለችው መቀየሪያ እኮ ለመልክ ናት። 'እሷን እንዳለች ተዋት' ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።"

ስልከኛዋ አጠገቧ ወዳለ የተገለበጠ ሣጥን ወርዳ ተቀመጠች። "አንድም ቀን አልመጣም ማለት ነው?" አለች።

"ማን እትዬ?"

"ተወው። መቼ ነው ያስገጠማት?"

"ሐኪሙ ከነገራቸው በኋላ ነዋ፤ ያኔ…" አባ በረዶ የሴትዮዋን ፊት አየና አፉን ያዘ። ግን ቃል አንዴ ከወጣ በገመድ ተስቦ አይመለስም።

"ሐኪሙ ምን ነገረው?"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ የሚያውቁ መስሎኝ…"

"ንገረኝ።" ያን ድምፅ ማዞሪያ ቤት ሳለች ነበር የምታወጣው፤ ሰው መስመር አልለቅ ሲላት። እምቢ የሚባል ድምፅ አይደለም።

"ልባቸው እንዳለቀ። ከዓመት ብዙም እንደማይዘሉ።" አባ በረዶ ቦርዷን በመዳፉ ያገላብጣል። "እዚችው ነው የተቀመጡት፣ እርስዎ ያሉበት። 'ሚስቴ ጋዝ አትነካም፤ እኔ ስሄድ መድኃኒቷ ይበላሻል። ማንም ሳይነካው ራሱ የሚለኩስ አድርግልኝ' አሉኝ። 'ለእሳቸው ለምን አይነግሯቸውም?' ብላቸው ሳቁ። 'እሷ ጆሮ አላት። ፍሪጁን ለምን ቀየርከው ትለኛለች፤ ልመልስ አፌን ስከፍት ታውቅብኛለች' አሉኝ።"

ስልከኛዋ ተነሥታ ወደ መኪናዋ ገባች።

ወይ አለማወቅ! ስንት ጊዜ ያየችው ዕቃ ሁሉ ዞሮ አያት። የሣህኑ መደርደሪያ አለ፤ ሹፌሩ በመጨረሻው ዓመት ነቅሎ ዝቅ አድርጎ የሰቀለው፣ ለእሷ ቁመት ልክ። ከዚያ ወዲህ ረጅሙ ሰውዬ ባለፈ ባገደመ ቁጥር ግንባሩን ይጋጨው ነበር፤ እሷ ደግሞ "የሠራኸው አንተ፣ የሚመታህ አንተ" እያለች በሳቅ ትፈርስ ነበር። የጋዙ መዝጊያ በቀይ ቀለም ተቀብቷል። የጎማ መፍቻው እጀታ ረዝሟል፣ ጉልበት ለሌለው ሰው። ከበሩ ሥር አንድ ደረጃ ተጨምሯል። መንዳቱስ? በግድ ያስተማራት መንዳት? ደግሞ በዚያ ዓመት ጎማ ረግጦ የሚመለስበት ጊዜ ረዝሞ ነበር፤ "ምን ነካህ?" ስትለው "አርጅቼ" ይላታል። ለካ ቦርዷ የምትለኩስበትን ሰዓት እየጠበቀ ነበር! ልክ በሰዓቱ ገብቶ እጁን መቀየሪያዋ ላይ ያስቀምጥና "በላች" ይላል።

ሳያውቀው አይደለም የሄደው። ዓመት ሙሉ፣ ቀን በቀን፣ እያወቀ ነው ከአጠገቧ የተኛው። ያቺ ጨብጣት የኖረችው ቃል ከእጇ ወጣች፤ ምትክም የላትም።

ስልኳን አንሥታ ልጇ ጋ ደወለች። "አባትሽ መታመሙን ታውቂ ነበር?" አለቻት፤ ሰላምታ የለ ምን የለ።

ልጅቷ ዝም አለች። ስልከኛዋ በሥራ ዘመኗ ስንት ዓይነት ዝምታ ሰምታለች፤ የተቆረጠ መስመር ዝምታ አለ፣ የተናደደ ሰው ዝምታ አለ፤ ይኼኛውን ለማወቅ መልስ አላስፈለጋትም።

"አስምሎኝ ነው እማዬ" አለች ልጅቷ በመጨረሻ። "'እናትሽ ካወቀች ከዛሬ ጀምራ ታለቅሰኛለች፤ አንድ ዓመት ትሳቅልኝ' አለኝ። ምን ላድርግ?"

"እሱስ? እሱን ማን ያልቅስለት?" ስልከኛዋ ጮኸች። "ብቻውን ፈራ እኮ! እኔ መደርደሪያ መታህ ብዬ ስስቅበት፣ እሱ ብቻውን ይፈራ ነበር! እጁን እንኳ ልይዝለት አልተፈቀደልኝም! ሁላችሁ አወቃችሁ፤ ፍሪጅ ጠጋኙ ሳይቀር አወቀ! እኔ ማን ነበርኩ?" ልጅቷ ታለቅስ ጀመር። ስልከኛዋም ትንሽ ሰማቻትና፣ "በይ ደህና ነኝ፤ ማታ እደውልልሻለሁ" ብላ ዘጋች።

ስትወርድ አባ በረዶ አዲስ ቦርድ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። "እትዬ፣ ልክ እንደ ድሮዋ ናት። እርስዎ ምንም ሳይነኩ ራሷ ትለኩስልዎታለች። ልግጠማት?"

"አትግጠማት።"

"እንዴ፣ ለምን? ጋሼ እኮ ለእርስዎ ብለው…"

"ከእንግዲህ ለእኔ ተብሎ ሳልሰማ የሚሠራ ነገር አልፈልግም። በእጅ የሚዞረውን መልስልኝ። አሠራሩንም አሳየኝ።"

አባ በረዶ አዲሷን ቦርድ አስቀመጠ። ሽቦዎቹን ወደ ድሮ ቦታቸው መለሰ፤ መቀየሪያዋን ከእውነተኛ ገመድ ጋር አሰራት። ከዚያ አስተማራት። መጀመሪያ ሲሊንደሩን መክፈት፤ ከዚያ መቀየሪያዋን ወደ ጋዝ ማዞር፤ ተጭኖ ይዞ ማቆየት፤ ከጎኗ ያለችውን እሳት ጫሪ ቁልፍ መምታት። የመጀመሪያው አልተያያዘም። ሁለተኛውም። "ቶሎ ለቀቋት እትዬ፤ እስኪሞቅ ይያዟት" አላት። በሦስተኛው ሙከራ ጣቷ እስኪነጣ ተጭና ያዘች። ጠቅ አለ፤ እፍፍ ብሎ ተያያዘ።

"ይኸው! አበሩት!" አለ አባ በረዶ ደስ ብሎት።

ስልከኛዋ ግን እዚያው ፍሪጁ ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በሞተ ጊዜ ሳያውቅ ለሄደ ሰው ነበር ያለቀሰችው፤ ያ ለቅሶ ቀላል ነበር። አሁን እያወቀ፣ እየፈራ፣ እሷ ትሳቅ ብሎ ዓመት ሙሉ ብቻውን ለሞተው ባሏ አለቀሰች። አባ በረዶ የሚያደርገው ቢጠፋው ወጥቶ ከደጅ ቆመ። እሷም አልቅሳ ሲወጣላት ተነሣች፤ መድኃኒቶቿን ከፔርሙዙ አውጥታ አንድ በአንድ ፍሪጁ ውስጥ ደረደረች።